አይሶፕሮፒል ማይሪስቴት፦ ስለ ቀላል የቆዳ ማለስለሻ ቅባት ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ ነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

አይሶፕሮፒል ማይሪስቴት በቆዳ ሎሽኖች፣ በክሬሞችና በአንዳንድ የቆዳ መድኃኒቶች ውስጥ የሚገኝ፣ ቀለም የሌለውና ሽታው እምብዛም የማይታወቅ ቀጭን ዘይት ነው። በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ የሚጨመረው ደረቅ ቆዳን እንዲያለሰልስና ቅባቱ ሳይከብድ በቆዳ ላይ እንዲዘረጋ ነው። ቆዳን አያነጣም፤ ማዲያትን አያጠፋም፤ እከክን፣ ጭርትን ወይም የሥጋ ደዌ በሽታን አያድንም።

ይህን ለይቶ ማወቅ በሸዋ ሮቢት ከተማና በይፋት ቆላ ለሚኖሩ ተገልጋዮች ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ በሞቃት አካባቢ ለሚኖር ሰው ቆዳ የሚስማማውን ቅባት ለመምረጥ ያስችላል። ሁለተኛ፣ ሕክምና የሚያስፈልገውን የቆዳ በሽታ በቅባት እያለሰለሱ ወራትን ከማሳለፍ፣ እንዲሁም በማለስለሻ ስም የሚሸጡ ጎጂ ክሬሞችን ከመግዛት ያድናል። በዚህ ጽሑፍ የንጥረ ነገሩ ምንነት፣ ትክክለኛ አጠቃቀሙ፣ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄና ተገልጋዮች ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚኖርባቸው ሁኔታዎች በቅደም ተከተል ቀርበዋል።

የማለስለሻ ቅባት ምንነት

የቆዳ የላይኛው ስስ ሽፋን ከደረቁ ሕዋሳትና በሕዋሳቱ መካከል ከሚገኝ ተፈጥሯዊ ቅባት የተሠራ ነው። ሽፋኑ በሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ በቀላሉ ተንኖ እንዳይጠፋ፣ ከውጭም ቆሻሻና ተሕዋስያን እንዳይገቡ ይከላከላል። ይህ ተፈጥሯዊ ቅባት በፀሐይ፣ በነፋስ፣ በአቧራ ወይም ሳሙናን በማብዛት ሲቀንስ፣ ቆዳው ልስኑ እንደተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ይሆናል። ይሻክራል፣ ይፈረፈራል፣ ያሳክካል፤ ሲብስም ይሰነጠቃል።

የቆዳ እንክብካቤ ምርቶች ይህን ጉዳት በሦስት መንገድ ያስተካክላሉ።

ማለስለሻዎች በሕዋሳቱ መካከል ያለውን ክፍተት በመሙላት ቆዳው እንዲለሰልስ ያደርጋሉ። አይሶፕሮፒል ማይሪስቴት የሚመደበው በዚህ ክፍል ነው።

ውኃ ሳቢዎች እርጥበትን ወደ ላይኛው የቆዳ ሽፋን ይስባሉ። በአገራችን በሰፊው የሚታወቀው ግሊሰሪን የዚህ ምሳሌ ነው።

ሸፋኞች በቆዳው ላይ ንጣፍ ሠርተው ውኃው እንዳይተን ያግዳሉ። ቫዝሊን ዋነኛው ምሳሌ ነው።

በሱቅ የሚገኙ አብዛኞቹ ሎሽኖች ከሦስቱም የተቀመሙ ናቸው። በመሆኑም የአንድ ምርት ጠባይ የሚወሰነው በየትኛው ንጥረ ነገር መብዛት ነው።

ንጥረ ነገሩ የሚሠራበት መንገድ

አይሶፕሮፒል ማይሪስቴት ማይሪስቲክ አሲድ የተባለውን የቅባት አሲድ ከአይሶፕሮፒል አልኮል ጋር በማዋሐድ የሚዘጋጅ ነው። ማይሪስቲክ አሲድ ስሙን ያገኘው ከገውዝ ነው። የገውዝ ዛፍ ሳይንሳዊ ስም ማይሪስቲካ ሲሆን፣ አሲዱ እ.ኤ.አ. በ1841 ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የወጣው ከገውዝ ፍሬ ቅባት ነው። በአሁኑ ወቅት ፋብሪካዎች አሲዱን በአብዛኛው የሚያገኙት ከኮኮናት ዘይትና ከዘንባባ ፍሬ አስኳል ዘይት ነው።

ይኸው አሲድ በኢትዮጵያ ቤተሰቦች ዘንድ እንግዳ አይደለም። በላም ቅቤ ውስጥ ካሉት የቅባት አሲዶች አንድ አሥረኛ ያህሉ ማይሪስቲክ አሲድ ነው። የይፋት አማራ፣ አርጎባና ኦሮሞ እንዲሁም የአጎራባቹ የአፋር ማኅበረሰቦች ፀጉርንና ቆዳን በቅቤ የማለስለስ የቆየ ልማድ አላቸው። ይሁን እንጂ ቅቤ የብዙ የቅባት አሲዶች ድብልቅ ሲሆን፣ በውስጡም የውኃና የወተት ቅሪት ይኖረዋል። ስለሆነም በሙቀት ቶሎ ይበላሻል፤ ሽታውም ይለወጣል። አይሶፕሮፒል ማይሪስቴት ግን ተጣርቶ የሚወጣ አንድ ዓይነት ውሕድ በመሆኑ በአየርና በሙቀት በቀላሉ አይበላሽም።

አልኮል የሚለው ቃል ተገልጋዮችን ሊያሳስብ አይገባም። በሥሪቱ ሂደት አልኮሉ ከአሲዱ ጋር ተዋሕዶ ሌላ ነገር ስለሚሆን፣ የሚገኘው ዘይት የአልኮል ጠባይ የለውም፤ ቆዳንም እንደ አልኮል አያደርቅም።

ንጥረ ነገሩ ቀላል የተባለበት ምክንያት

ቀላል የሚለው ቃል የንጥረ ነገሩን በቆዳ ላይ የመዘርጋትና የመሰማት ጠባይ ያመለክታል። አይሶፕሮፒል ማይሪስቴት በመደበኛ የክፍል ሙቀት ፈሳሽ ሲሆን፣ የሚረጋው ሙቀቱ ወደ 3 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲወርድ ነው። አንድ ሚሊ ሊትሩ 0.85 ግራም ያህል ስለሚመዝን ከውኃ ይቀላል። በቆዳ ላይ ሲቀባ በፍጥነት ይዘረጋል፤ የሚያጣብቅ ወይም የሚያብለጨልጭ ንጣፍም እምብዛም አይተውም።

ቫዝሊን በአንጻሩ ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ ወፍራም ቅባት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1872 ጀምሮ በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ተሰጥቶት ለገበያ የቀረበው ይህ ቅባት፣ ውኃ ከቆዳ እንዳይተን በማገድ ረገድ ከሁሉም የሚልቅ ነው። በሙቅ ቀን ግን ይከብዳል፣ አቧራ ይይዛል፣ ልብስም ያበላሻል።

ከዚህ የምንረዳው ቀላል ቅባት ከከባዱ በሁሉም ረገድ የተሻለ አለመሆኑን ነው። ቀላሉ ለምቾት የተሻለ ሲሆን፣ ከባዱ ውኃን በመያዝ የተሻለ ነው። ለፊት፣ ለክንድና ለቀን ሰዓት ቀላሉ ይስማማል። ለተሰነጠቀ ተረከዝ፣ ለሻከረ ጉልበትና ለሌሊት ግን ቫዝሊንን የሚተካው የለም፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው።

የይፋት ቆላ አየር ጠባይና ቆዳ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት የቆላ ከተማ ናት። ከደብረ ሲና ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከጉም ወደ ሐሩር ይገባል። በከተማዋ ዙሪያ ባለው የቀወት ወረዳና ወደ ሰሜን በሚገኘው የኤፍራታና ግድም ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች የቀን ሙቀት በበርካታ ወራት ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይበልጣል።

በዚህ አየር ጠባይ ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ የቆዳ ችግሮች አብረው ይታያሉ። በአንድ በኩል ፀሐይ፣ ነፋስና አቧራ እጅን፣ ክንድንና እግርን ያደርቃሉ። ማሾ በሚለቅሙ፣ ሽንኩርት በመስኖ በሚያለሙና ማሽላ በሚያጭዱ አርሶ አደሮች ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። በሌላ በኩል በአንገት፣ በብብት፣ በጡት ሥርና በጭን መካከል ላብ ስለሚጠራቀም ቆዳው ይረጥባል፤ በሙቀት ሳቢያም ሽፍታ ይወጣል።

ስለዚህ ለቆላ ነዋሪዎች የሚሰጠው ምክር እንደሚከተለው ነው። ደረቁን የቆዳ ክፍል ማለስለስ፣ ላብ የሚይዘውን ክፍል ግን በንጹሕ ውኃ አጥቦ ማድረቅና ከቅባት ነጻ ማድረግ ይገባል። ወፍራም ቅባት ላብ በሚያልብ ቆዳ ላይ ሲቀባ የላብ መውጫዎችን ሊደፍን ስለሚችል ሽፍታውን ያባብሳል።

ትክክለኛ አጠቃቀም

ተጠቃሚዎች የሚከተሉትን ነጥቦች ተግባራዊ ቢያደርጉ ከጥቂት ቅባት የተሻለ ጥቅም ያገኛሉ።

1. ቅባቱ የሚቀባው ከታጠቡ በኋላ፣ ቆዳው ፈጽሞ ሳይደርቅ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ቀላል ቅባት በራሱ ውኃ ስለማይጨምር፣ ያለውን እርጥበት እንዲያቆይ ቀድሞ እርጥበት መኖር አለበት።

2. በውኃ እጥረት ወቅት መላ ሰውነትን መታጠብ ካልተቻለ፣ እጅንና እግርን በጥቂት ውኃ አርሶና አባብሶ መቀባት ይበቃል።

3. ከቱቦ የሚወጣ ቅባት መጠን በጣት ጫፍ ይለካል። ከአዋቂ ሰው የሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የሚደርስ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ የሁለት መዳፍ ስፋት ያለውን ቆዳ ይሸፍናል።

4. ቅባቱ ፀጉር በሚያድግበት አቅጣጫ በቀስታ ይቀባል። በኃይል ማሸት የፀጉር ሥሮችን ሊያስቆጣ ይችላል።

5. አዲስ ምርት መላ ፊትን ከመቀባት በፊት በክንድ የውስጥ ክፍል፣ ሳንቲም በሚያክል ስፋት ላይ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያህል ይሞከራል። መቅላት፣ ማሳከክ ወይም ሽፍታ ከታየ ምርቱን ማቋረጥ ይገባል።

6. ቅባት ፀሐይን አይከላከልም። ፀሐይን እንደሚከላከል በግልጽ ያልተጻፈበት ማለስለሻ ባርኔጣን፣ ሻሽንና ረጅም እጅጌን አይተካም። ይህ በተለይ አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖች ወሳኝ ነው፤ ጥበቃ የሌለው ቆዳቸው ለቆዳ ካንሰር የተጋለጠ ነው።

የማለስለሻ ቅባት ጥቅም በአገራችን በሕክምና ጥናት ጭምር የተረጋገጠ ነው። በባዶ እግር ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በመሄድ የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት፣ በአማራ ክልል ደጋማ ወረዳዎች የሚታይ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ እግርን በየቀኑ ማጠብ፣ ማለስለሻ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ መጫማት በአንድነት ሲተገበሩ፣ ሕሙማንን ከሥራ የሚያስቀረው ድንገተኛ የእግር ቁስለትና ትኩሳት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከይፋት በላይ ካሉት ደጋዎች ለሥራ ወደ ቆላ የሚወርዱና ይህ ችግር ያለባቸው ሰዎች እንክብካቤውን በቆላም ሳያቋርጡ መቀጠል ይኖርባቸዋል። ለዚህ ዓይነቱ ሻካራ ቆዳ ተመራጩ ቫዝሊንን የመሰለ ከባድ ቅባት ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ሁኔታዎች

የአይሶፕሮፒል ማይሪስቴትን ደኅንነት በአሜሪካ የመዋቢያ ንጥረ ነገሮችን የሚገመግም የባለሙያዎች ጓድ እ.ኤ.አ. በ1982 መርምሮ፣ በመዋቢያ ምርቶች ውስጥ በተለመደው መጠን ለአጠቃቀም አስጊ አለመሆኑን አስታውቋል። ይሁን እንጂ የሚከተሉት ሁኔታዎች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል።

ብጉር። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ንጥረ ነገሩ የቆዳ ቀዳዳዎችን የመድፈን ጠባይ አሳይቷል። ስለዚህ ብጉር የሚወጣባቸው ወጣቶች ይህ ንጥረ ነገር በብዛት የገባበትን ቅባት ፊታቸውን ባይቀቡ ይመረጣል።

የቅባቶች ድብልቅ። ንጥረ ነገሩ አብረውት የተቀመሙ ሌሎች ነገሮች በቆዳ ውስጥ እንዲያልፉ ያግዛል። የመድኃኒት ፋብሪካዎች ይህን ጠባይ በልክና በቁጥጥር ይጠቀሙበታል። በቤት ወይም በውበት ሳሎን ሁለትና ሦስት ክሬሞችን በአንድ ዕቃ መደባለቅ ግን ወደ ሰውነት የሚገባውን የመድኃኒት መጠን ከሚጠበቀው በላይ ሊያደርገው ስለሚችል መወገድ ያለበት ልማድ ነው።

ፀረ ተባይ ኬሚካል። በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በማሾ ማሳ ላይ ኬሚካል የሚረጩ አርሶ አደሮች እጅን ቀድሞ በቅባት መቀባት ይከላከላል ብለው ማሰብ የለባቸውም። ቅባት ጓንትን አይተካም። ከርጭት በኋላ በመጀመሪያ በሳሙናና በብዙ ውኃ መታጠብ፣ ከዚያም ቅባቱን መቀባት ይገባል።

እሳት። እ.ኤ.አ. በ2018 የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን፣ የቆዳ ማለስለሻ ቅባት የጠጣ ልብስና አንሶላ ከሌላው በፈጠነ ሁኔታ እንደሚቀጣጠል ለሕዝብ አስጠንቅቋል። ከእንጨት ምድጃ፣ ከከሰልና ከኩራዝ አጠገብ የሚውሉ እናቶች ቅባት የነካውን ነጠላና ቀሚስ ሳያጥቡ ለብሰው እሳት ባያነዱ ይመከራል።

ኮንዶም። ቅባትነት ያላቸው ነገሮች በሙሉ፣ ቫዝሊንም ሆነ ሎሽን፣ የላስቲክ ኮንዶምን ያዳክማሉ፤ እንዲቀደድም ያደርጋሉ። ከኮንዶም ጋር መጠቀም የሚቻለው ከውኃ የተዘጋጀውን ማለስለሻ ብቻ ነው።

ሕፃናት። ቀጫጭን ዘይቶች ሕፃን ሲጠጣቸው ወደ ሳንባ ሊገቡና ከባድ የመተንፈስ ችግር ሊያስከትሉ ስለሚችሉ፣ ጠርሙሱ ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ መቀመጥ አለበት። የአራስ ልጅ እትብት ላይ ቅባትም ሆነ ቅቤ ማድረግ አይገባም። ለእትብት የሚሆነውን ጄል የሚሰጠው የጤና ባለሙያ ነው። ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ወይም ክብደታቸው አነስተኛ ለሆነ ጨቅላዎች ምን ዓይነት ዘይት እንደሚስማማ የሚወሰነውም በባለሙያ ነው።

የስኳር ሕመም። የስኳር ሕሙማን ተረከዛቸውንና የእግራቸውን የላይኛ ክፍል ቢቀቡ ይጠቅማቸዋል። በጣቶች መካከል ግን እርጥበት ፈንገስን ስለሚያፋፋ ቅባት ማድረግ አይገባም።

የምርት መለያ ጽሑፍ አነባበብ

በመዋቢያ ምርቶች መለያ ላይ ንጥረ ነገሮች የሚዘረዘሩት በመጠናቸው ቅደም ተከተል ነው። በብዛት የገባው መጀመሪያ፣ በጥቂቱ የገባው መጨረሻ ይጻፋል። አይሶፕሮፒል ማይሪስቴት በላቲን ፊደል በሁለት ቃላት የሚጻፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቃል ማይሪስቴት የሚል ድምፅ አለው። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ስሞች መካከል ከተገኘ በምርቱ ውስጥ በብዛት አለ ማለት ነው። አይሶፕሮፒል ፓልሚቴት የሚለው ስም የቅርብ ዘመዱ ሲሆን ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ላቲን ፊደል ማንበብ የሚያዳግታቸው ተገልጋዮች ዕቃውን ይዘው የመድኃኒት ቤት ባለሙያን መጠየቅ ይችላሉ።

ከመግዛት በፊት የሚከተሉት መታየት አለባቸው።

የአምራቹ ስምና አገር፣ የምርት መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ በግልጽ መጻፋቸው፤

ማሸጊያው ያልተከፈተ፣ ያልተፋቀና ሌላ ወረቀት ያልተለጠፈበት መሆኑ፤

ክዳኑ የተከፈተ ጣሳ ምስልና በውስጡ ቁጥር ካለ፣ ቁጥሩ ምርቱ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል የሚያመለክት መሆኑ።

በሳምንታዊ ገበያዎች ላይ በፀሐይ ተዘርግተው የሚውሉ ክሬሞች፣ የማብቂያ ጊዜያቸው ባይደርስም ውኃውና ዘይቱ ሊለያይ ይችላል። ሲከፈት ውኃ የቋጠረ፣ ሽታው የተለወጠ ወይም ቀለሙ የጠቆረ ክሬም መጣል አለበት። በቤትም ቅባትን ከቆርቆሮ ግድግዳ ርቆ፣ እንስራ በሚቀመጥበት ዓይነት ቀዝቃዛና ጥላማ ቦታ ማኖር ይመረጣል።

በማለስለሻ ስም ስለሚሸጡ የማንጫ ክሬሞች

ማለስለሻ ቅባት የቆዳን ቀለም አይለውጥም። በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊትን የሚያቀላ፣ ማዲያትን የሚያጠፋ ወይም ሽፍታን በአንድ ሌሊት የሚያከስም ቅባት በውስጡ ከማለስለሻ የተለየ ነገር አለ ማለት ነው። በዓለም ዙሪያ በእንዲህ ዓይነት ምርቶች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚገኙት ሦስት ናቸው።

ሜርኩሪ፦ ኩላሊትንና የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። በእርጉዝ ሴት ላይ ለጽንሱም ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው የማንጫ ምርቶች ከ2020 በኋላ እንዳይመረቱና ከአገር አገር እንዳይዘዋወሩ ደንግጓል።

ኃይለኛ ስቴሮይድ፦ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። ያለ ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፣ የደም ሥሮችን ያጎላሉ፣ ብጉርና ፀጉር ያበቅላሉ፤ የፈንገስ በሽታንም ደብቀው ያስፋፋሉ።

ሃይድሮኩዊኖን፦ ያለ ባለሙያ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ቆዳን መልሶ ሊያጠቁር ይችላል። ይህ ዓይነቱ ጥቁረት በቀላሉ አይለቅም።

እንዲህ ዓይነት ክሬም ሲጠቀሙ የቆዩ ሰዎች በድንገት ሲያቋርጡ ፊታቸው ሊቀላና ሊቃጠል ስለሚችል፣ ክሬሙን ይዘው ወደ ጤና ተቋም ቢሄዱ ይመረጣል። ባለሙያው ይዘቱን አይቶ የማቋረጫውን መንገድ ይወስናል። ይህን መንገር የሚያሳፍር አይደለም፤ የሕክምናው ግማሽ ነው።

ቅባት የማይበቃባቸው የቆዳ ምልክቶች

ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ምልክቶች በየትኛውም ማለስለሻ አይድኑም። ቅባቱ ማሳከኩን ለጊዜው ስለሚያስታግስ ሕሙማን የዳኑ ይመስላቸዋል፤ በዚህ መካከል በሽታው ይሰፋል ወይም ወደ ቤተሰብ ይተላለፋል።

ስሜት የሌለው ጠቃጠቆ። ከቀሪው ቆዳ የገረጣ ወይም የቀላ፣ ሲነኩት ወይም ሲያሞቁት የማይሰማ ጠቃጠቆ የሥጋ ደዌ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። በሽታው ይድናል፤ መድኃኒቱም በነጻ ይሰጣል። ሕክምናው እንደ በሽታው ዓይነት 6 ወይም 12 ወር ይወስዳል። ጉዳቱ የሚመጣው ከመዘግየት ነው፤ ነርቭ ከተጎዳ በኋላ የሚደርሰውን የእጅና የእግር ጉዳት መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ጠቃጠቆውን ቋቁቻ ወይም ድርቀት ነው ብሎ በቅባት ማለስለስ ይህን ጊዜ ያባክናል።

በሌሊት የሚብስ ማሳከክ። በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በእምብርት ዙሪያና በመቀመጫ ላይ የሚታይና ከአንድ በላይ የቤተሰብ አባል የያዘ ማሳከክ እከክ ሊሆን ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ከድርቁ ጋር ተያይዞ በአማራ ክልል በርካታ ወረዳዎች የእከክ ወረርሽኝ መከሰቱ ይታወሳል። ሕክምናው ውጤት የሚያመጣው ሁሉም የቤተሰብ አባላት በአንድ ጊዜ ሲታከሙ፣ ልብስና አንሶላም ታጥቦ ፀሐይ ሲሰጣ ነው።

የማይድን ቁስል። በፊት ወይም በእጅ ላይ ወጥቶ ሳያሳምም ለወራት የሚሰፋ ቁስል ቁንጭር ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያስፈልገዋል።

መግል፣ ትኩሳት ወይም በፍጥነት የሚሰፋ መቅላት። እነዚህ የኢንፌክሽን ምልክቶች በመሆናቸው በዕለቱ መታየት አለባቸው።

ለሁለት ሳምንት ያህል በአግባቡ ተቀብቶ ያልተሻለ ድርቀትም ችፌ ወይም ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ማየት ይኖርበታል።

አገልግሎቱ የሚገኝባቸው ተቋማት

በቀበሌ ደረጃ የመጀመሪያው መገኛ ጤና ኬላ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስሜት የሌለውን ጠቃጠቆና እከክን ለይተው ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። ጤና ጣቢያው ምርመራ አድርጎ ሕክምና ይጀምራል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል። ከይፋት ለሚነሱ ሕሙማን በደሴ አቅራቢያ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና የቆየ ልምድ አለው። በአዲስ አበባ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት በተመሳሳይ ዘርፍ የሚታወቅ ተቋም ነው።

ተገልጋዮች ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ የሚከተሉትን ቢይዙ አገልግሎቱ ይፋጠናል፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ መታወቂያ፣ የሪፈር ወረቀት፣ እንዲሁም የተጠቀሙባቸውን ቅባቶችና መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው።

አጠራጣሪ ምርት ስለ መጠቆም

በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መዋቢያዎችን ጨምሮ የምርቶችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ቅባት ተጠቅመው ጉዳት የደረሰባቸው ወይም መለያ የሌለው፣ ጊዜው ያለፈበት ወይም አጠራጣሪ ምርት ያዩ ዜጎች በባለሥልጣኑ ነጻ የስልክ መስመር 8482 ደውለው መጠቆም ይችላሉ። በአቅራቢያ ለሚገኝ ጤና ጽሕፈት ቤትም ማሳወቅ ይቻላል።

ጥቆማ ሲቀርብ የምርቱ ስም፣ የምርት መለያ ቁጥሩ፣ የተገዛበት ቦታና ቀን፣ እንዲሁም የደረሰው ጉዳት ቢገለጽ ማጣራቱን ያቀላል። ስለዚህ ሲገዙ ደረሰኝ መቀበል፣ ጉዳት ሲደርስም ዕቃውን ሳይጥሉ ማቆየት ጠቃሚ ነው።

በአጠቃላይ አይሶፕሮፒል ማይሪስቴትና መሰል ቀላል ቅባቶች በልካቸው ሲታዩ ጠቃሚ ናቸው። ደረቅ ቆዳ እነሱን ይፈልጋል፤ የታመመ ቆዳ ግን ሐኪም ይፈልጋል። ከመቀባት በፊት ቆዳው ደርቆ እንደሆነ ወይም ታምሞ እንደሆነ መለየት የእያንዳንዱ ቤተሰብ የመጀመሪያ ተግባር ሲሆን፣ ጥርጣሬ ሲኖር ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን መጠየቅ ይገባል።